የጥቅምቱ ጠረጴዛ፦ ለታዳጊዎች የሚቀርቡ አስፈሪ መጻሕፍት ሲመዘኑ

ኦክቶበር በገባ ቁጥር በብዙ የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የታዳጊዎች ክፍል መግቢያ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይዘጋጃል፤ ጥቁርና ብርቱካናማ ወረቀት ይለብስና ሽፋናቸው ላይ የራስ ቅል፣ የሌሊት ወፍ ወይም ጭጋግ የዋጠው ቤት የተሳለባቸው መጻሕፍት ይደረደሩበታል። ሃሎዊን የሚውልበት ኦክቶበር 31 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ስለሚያርፍ፣ በዋሽንግተንና በሜሪላንድ በሚገኙ ብዙ የአበሻ ቤቶች እናት የማርያምን ዕለት ስታከብር፣ ልጅ ከዚያ ጠረጴዛ ያነሣውን መጽሐፍ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ያነባል። በዓሉ ይከበር አይከበር የሚለውን ለየቤተሰቡና ለየንስሐ አባቱ እተወዋለሁ። እዚህ የምመዝነው መጻሕፍቱን ነው፤ ከመካከላቸው እጅግ የተዋጣላቸው ድርሰቶችም ጊዜ ከማባከን የማያልፉም አሉና።

የጠረጴዛው ዋና ጉድለት ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየቱ ነው። ለ10 ዓመት ልጅ የተጻፈው ለ17 ዓመት ወጣት ከተጻፈው ጎን ይቀመጣል፤ ሽፋናቸው ስለሚመሳሰል ወላጅ ቀርቶ ልጁ ራሱ የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ መመዘኛዬን አስቀድሜ ልናገር፤ የምጠይቀው ፍርሃቱ ከየት እንደሚመነጭ ነው። ደምና ጥርስ ብቻ ያለበት መጽሐፍ ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፤ በሳምንቱ ግን ልጁ የባለታሪኩን ስም እንኳ አያስታውስም። ልጁ ቀድሞ ከሚያውቀው ነገር፣ ከሐዘን፣ ከእፍረት፣ ብቻውን ከመቅረት የሚነሣ ፍርሃት ግን አብሮት ይቆያል። እኛም ጭራቅን የፈራነው እናት ከቤት በሌለችበት ሰዓት ስለሚመጣ ጭምር ነበር። በጽሑፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ሚዛን ከ10 እስከ 13 ዓመት ላሉ አንባቢዎች በመጀመሪያ የማነሣው የካትሪን አርደንን «ስሞል ስፔስስ» ነው፤ የታተመው በ2018 ነው። ባለታሪኳ ኦሊ የ11 ዓመት ልጅ ስትሆን፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ በቨርሞንት ግዛት ከአባቷ ጋር ትኖራለች። አንድ ቀን ወንዝ ዳር አንዲት የተጨነቀች ሴት አሮጌ መጽሐፍ ውኃ ውስጥ ልትወረውር ስትል ታገኛታለች፤ ንባብ የምትወድ ልጅ ናትና መጽሐፉ ሲጣል ዝም ብላ ማየት አቅቷት ነጥቃ ትሮጣለች። ብዙም ሳይቆይ የክፍሏ ልጆች አንድ እርሻ ሊጎበኙ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ አውቶቡሳቸው ጭጋግ ውስጥ ይቆማል፤ ሾፌሩም ሲመሽ የሚመጡባቸው እንዳሉ ይነግራቸዋል። በዚህ ጊዜ ኦሊ ከእጇ የማታወልቀው የእናቷ የተሰበረ ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምርና መስታወቱ ላይ አንድ ትእዛዝ ያወጣል፤ «ሩጪ»።

አርደን የምትደነቀው በቁጠባዋ ነው። ጭራቅ አትደረድርም። በማሳው ላይ ወፍ ለማስፈራራት የቆሙ የገለባ ሰዎች አሉ፣ ጭጋግ አለ፣ ሰፊ ቦታ ራቁ፣ ጠባብ ቦታ ፈልጉ የሚል ምክር አለ፤ ከዚህም ሌላ ሁልጊዜ ፈገግ የሚል፣ ሰው አጥብቆ የናፈቀውን ነገር በዋጋ የሚሰጥ አንድ ሰው አለ። እናቷን የቀበረች ልጅ ከእንዲህ ያለ ሰው ፊት ስትቆም ምን እንደምትመኝ አንባቢው ከእሷ ቀድሞ ያውቃልና ልብ አንጠልጣይነቱ ከዚያ ይመጣል። መጨረሻው ጥድፊያ የበዛበት መሆኑን አልደብቅም፤ ብዙ ገጽ ሲያበስል የቆየውን ነገር በጥቂት ገጽ ይቋጨዋል። ተከታታዩ አራት መጻሕፍት ሲኖሩት የመጨረሻው በ2022 ወጥቷል፤ የመጀመሪያውን የወደደ ልጅ ሌሎቹንም ራሱ ፈልጎ ያገኛቸዋል።

ለስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ግን ከጠረጴዛው ሁሉ አስበልጬ የማቀርበው የቬራ ብሮስጎልን «አንያስ ጎስት» ነው። በ2011 የወጣ ሥዕላዊ ልብ ወለድ ሲሆን፣ በ2012 ለሥዕላዊ መጻሕፍት የሚሰጠውን የአይዝነር ሽልማት በታዳጊዎች ዘርፍ አግኝቷል። ደራሲዋ ሞስኮ ተወልዳ በ5 ዓመቷ ወደ አሜሪካ የመጣች ናት። ባለታሪኳ አንያም እንዲሁ ከሩሲያ በልጅነቷ የመጣች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ ዘዬዋን አጥፍታለች፣ ረጅሙን የቤተሰብ ስሟን ለፈረንጅ አፍ በሚቀል ስም ተክታለች፣ እናቷ የምትሠራውን ምግብ ያወፍረኛል ብላ ትሸሸዋለች። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ገና አነጋገሩ ያልተለወጠውን የአገሯን ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደማታውቀው ሆና ታልፈዋለች። ይህችን ልጅ የማያውቅ አበሻ ወላጅ ያለ አይመስለኝም፤ ወይ ቤቱ አለች፣ ወይ የጎረቤት ናት።

አንያ አንድ ቀን አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ትወድቅና ከአጽም ጋር ፊት ለፊት ትገናኛለች፤ አጽሙም ከ90 ዓመት በፊት የሞተች ልጅ ነው። ከጉድጓዱ ስትወጣ አንዲት ትንሽ አጥንት ሳታውቀው ቦርሳዋ ውስጥ ገብታ ኖሮ የሟቿ መንፈስ ተከትላት ትመጣለች። በመጀመሪያ ወዳጅነቱ የሚያስቀና ነው፤ መንፈሷ በፈተና ሰዓት የሌሎችን መልስ አይታ ትነግራታለች፣ አንያ የምትወደው ልጅ የት እንዳለ ታጣራላታለች። እየቆየ ግን ወዳጅነቱ ወደ ቁጥጥር ይለወጣል፤ አንያ አጥንቷን ቤት ልትተው ስትሞክር የሚሆነውን አልናገርም። ሥዕሎቹ በሙሉ ወደ ሐምራዊ በሚያደላ አንድ ቀለም የተሠሩ ናቸውና ቀኑም ሌሊቱም ያው ደመና የጫነው ይመስላል፤ ይህ ለታሪኩ በጣም ተስማምቶታል። ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ አንያ ሲጋራ ታጨሳለች፣ ስለ ወንዶችም ግልጽ ወሬ አለ፤ በመሆኑም ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልሰጠውም። ሥዕላዊ ስለሆነ እንደ ቀልድ መጽሐፍ ቆጥሮ ማለፍም ስሕተት ነው። በአንድ ምሽት ቢያልቅም ልጅ ደጋግሞ የሚመለስበት ዓይነት ነው።

ንባብ ጭራሽ ለማይወድ ልጅ ደግሞ የአልቪን ሽዋርትዝ «ስኬሪ ስቶሪስ ቱ ቴል ኢን ዘ ዳርክ» አለ። በ1981 የወጣ ሲሆን ሁለት ተከታዮች አሉት። ታሪኮቹ አጫጭር ናቸው፤ አብዛኞቹም ከሕዝብ አፍ የተሰበሰቡ ሲሆኑ ሽዋርትዝ መጨረሻው ላይ ምንጫቸውን ያስቀምጣል፤ ተረትን በቁም ነገር የያዘ ሰው ነበር። አንዳንዶቹ ጮክ ብለው እንዲነበቡ የተዘጋጁ በመሆናቸው አንባቢው የት ላይ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግና የት ላይ አጠገቡ ያለውን ሰው ድንገት ዘልሎ እንደሚይዝ ይነግሩታል። እሳት ዳር ተረት ለሰማ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ባወጣው ዝርዝር መሠረት በ1990ዎቹ ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ ከመደርደሪያ ይነሣልን የሚል ቅሬታ የቀረበበት ይኸው ነው። ለቅሬታው ትልቅ ምክንያት የሆኑት ከጽሑፉ ይልቅ ቀለም የሚንጠባጠብባቸው የስቲቨን ጋሜል ሥዕሎች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። አሳታሚው በኋላ በሌላ ሠዓሊ ለስለስ ያሉ ሥዕሎች ተክቷቸው ነበር፤ አንባቢ ቅር በመሰኘቱ የቀድሞዎቹ ተመልሰዋል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሁለቱም ዓይነት እትም ሊገኝ ስለሚችል ከመዋስ በፊት የሠዓሊውን ስም ማየት ይገባል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ለስለስ ያለው ይበቃል፤ የ14 ዓመት ልጅ ግን የጋሜልን ካላየ መጽሐፉን አነበበው ለማለት ይከብዳል።

የሬይ ብራድበሪ «ሰምዚንግ ዊክድ ዚስ ዌይ ከምስ» በ1962 ወጥቶ እስከ ዛሬ ከጠረጴዛው አልወረደም። በኢሊኖይ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች ለሃሎዊን ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በሌሊት ባቡር የሚመጣ የትርዒት ቡድን ያጋጥማቸዋል። ከትርዒቶቹ መካከል የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ መጫወቻ አለ፤ ወደ ፊት ሲዞር ተቀማጩን ያስረጃል፣ ወደ ኋላ ሲዞር ወደ ልጅነቱ ይመልሰዋል። ለማደግ የቸኮለ ልጅና ያለፈ ዕድሜው የሚቆጨው አባት አንድ ዓይነት ወጥመድ ውስጥ የሚገቡበት ብልሃት ይህ ነው። አባትየው የቤተ መጻሕፍት ጽዳት ሠራተኛ ሲሆን፣ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍልም ሌሊት በዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይካሄዳል፤ ልጆቹ በመደርደሪያዎቹ መካከል ተደብቀው ሳሉ የትርዒቱ ባለቤት እየተጣራ በእርጋታ ይፈልጋቸዋል። ብራድበሪ ኮሌጅ ሳይገባ ራሱን በቤተ መጻሕፍት ያስተማረ ሰው ስለነበር የመደርደሪያውን ጨለማ የሚገልጸው ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው ነው። ችግሩ ቋንቋው ነው። ዓረፍተ ነገሩ በምሳሌ የተጨናነቀ በመሆኑ እንግሊዝኛን በቅርብ የጀመረ ልጅ ሠላሳኛው ገጽ ሳይደርስ ሊተወው ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ የድምፅ ቅጂውን እያዳመጡ መከተል ይሻላል።

የጀስቲና አየርላንድ «ድሬድ ኔሽን» ከ15 ዓመት በላይ ለሆኑት ነው፤ የወጣው በ2018 ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጌቲስበርግ ላይ የወደቁት ሙታን ተነሥተው መራመድ ቢጀምሩስ ከሚል ሐሳብ ይነሣል። ጦርነቱ በዚህ ምክንያት ይቋረጣል፤ ነገር ግን ነጮቹን ከሙታን እንዲጠብቁ የጥቁሮችና የአገሬው ተወላጆች ልጆች በሕግ ተገድደው የውጊያ ትምህርት ቤት ይላካሉ። ባለታሪኳ ጄን በባልቲሞር እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት የምትማር፣ ምላሷ እንደ ማጭዷ የሰላ ልጅ ናት። ሜሪላንድ ውስጥ ያደገ ታዳጊ የሚያውቃቸውን የቦታ ስሞች በዚህ መልክ ሲያገኛቸው የታሪክ ትምህርቱን በሌላ ዓይን ያየዋል። ሙታኑ አስፈሪ ናቸው፤ ከእነሱ ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ሥርዓቱን እንደ ደግነት ቆጥረው በትሕትና የሚያስረዱት ሰዎች ንግግር ነው። ግድያና ዘር ጠቀስ ስድብ ስላለበት ወላጅ ቀድሞ ቢያየው መልካም ነው።

የራንሰም ሪግስ «ሚስ ፐሪግሪንስ ሆም ፎር ፒኩሊየር ችልድረን» ከስሙ ያነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በ2011 የወጣው ይህ መጽሐፍ ከሰብሳቢዎች በተገኙ እውነተኛ አሮጌ ፎቶግራፎች ዙሪያ የተሠራ ነው፤ ፎቶግራፎቹ በእርግጥ ይዘገንናሉ፤ የባለታሪኩ አያት አሟሟትም ጥሩ አጀማመር ነው። ከመካከሉ በኋላ ግን ወደ ጀብዱ ይዞርና ፍርሃቱ ይተናል። ጀብዱ ለሚወድ ልጅ ስድስት ቅጽ ሙሉ አለለት። የኤሚሊ ካሮል «ስሩ ዘ ዉድስ» በአንጻሩ አምስት አጫጭር ሥዕላዊ ታሪኮችን ብቻ ይዞ እጅግ ይበልጠዋል፤ ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ ውስጥ ሲወጣ አዋቂንም ያስደነግጣል።

ከእነዚህ መካከል ተፈላጊዎቹ በኦክቶበር መጨረሻ ሳምንት መደርደሪያ ላይ አይገኙምና ወረፋ በሴፕቴምበር መያዝ ያዋጣል። የቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ሰው ሊቢ በተባለው መተግበሪያ የኤሌክትሮኒክስና የድምፅ ቅጂዎችን ያለ ክፍያ መዋስ ይችላል፤ እዚያም ቢሆን ለተፈላጊዎቹ ወረፋ አይቀርም።

ለ16 ዓመትና ከዚያ በላይ የማቆየው የሸርሊ ጃክሰንን «ዊ ሃቭ ኦልዌይስ ሊቭድ ኢን ዘ ካስል» ነው። በ1962 የታተመ አጭር መጽሐፍ ሲሆን መንፈስም ጭራቅም የለበትም። የ18 ዓመቷ ሜሪካት ከእህቷና ከታመመ አጎቷ ጋር በትልቅ ቤት ተዘግታ ትኖራለች፤ የቀሩት ዘመዶቿ ከስድስት ዓመት በፊት ስኳር ዕቃ ውስጥ በተጨመረ አርሴኒክ ገበታ ላይ ሞተዋል። የመንደሩ ሰው ይጠላቸዋል፤ ልጆቹ ሳይቀሩ በመንገድ ላይ በዜማ ይሰድቧታል። እየቆየን የምንፈራው መንደሩን ይሁን ተራኪዋን መለየት ያቅተናል፤ በመደርደሪያው ላይ ካሉት ሁሉ ሲያነብ የዋለውን ሰው ማታ ላይ የሚያሳስበው ይህ ነው። ሜሪካት ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰቻቸው መጻሕፍት የመመለሻ ቀናቸው ካለፈ ከአምስት ወር በላይ እንደሆነ ረጋ ብላ ትነግረናለች፤ ለምን እንዳልመለሰቻቸው ለማወቅ መጽሐፉን መጨረስ ያስፈልጋል። ዛሬ ብዙ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የመዘግየት ቅጣትን ስላነሡ፣ ቢያንስ በገንዘብ በኩል የሚያስጨንቃት ነገር ባልኖረ ነበር።