ድፍን ወይስ ድርብርብ? ለቤትዎ የሚስማማውን የእንጨት ወለል ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

የእንጨት ወለል ሊገዛ የተነሣ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው፤ ሻጮችም ናሙናቸውን የሚደረድሩት በቀለም ነው። ይሁን እንጂ ወለሉ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ያገለግል ወይም ለልጅ ልጅ ይተርፍ እንደሆነ የሚወስኑት ጣውላው የሚነጠፍበት መሠረት፣ በቤቱ ውስጥ ያለው እርጥበትና የጣውላው አሠራር ናቸው። ስለዚህ ንጽጽሩን ከአሠራሩ መጀመር ይሻላል፤ የዛፉ ዓይነትና የላይኛው ቅብ ተራቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ድፍን ጣውላ ከአንድ ግንድ ተሰንጥቆ የሚወጣ ሲሆን፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዱ ጎኑ የወጣ ምላስ (ወንዴ)፣ ሌላው ጎኑ ምላሱን የሚቀበል ቦይ (ሴቴ) ሆኖ ስለሚወጣ ጣውላዎቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው በእንጨት ወይም በኮምፔንሳቶ መሠረት ላይ በምስማር ይመታሉ። ድርብርብ ጣውላ በአንጻሩ ከላይ የጠንካራ እንጨት ንጣፍ ብቻ ኖሮት፣ ከሥሩ የቃጫቸው አቅጣጫ አንዱ ሌላውን እንዲያቋርጥ ተደርገው በሙጫ የተጣበቁ ስስ የእንጨት ንብርብሮችን ይይዛል።

ይህ ልዩነት ገዢውን የሚነካው እርጥበት ሲለዋወጥ ነው። እንጨት ከአየር እርጥበት ሲስብ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በስፋቱ ግን ያብጣል፤ ሲደርቅም በዚያው በስፋቱ ይኮማተራል። በተለመደው አሰነጣጠቅ የወጣ 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድፍን የኦክ (ለወለል በብዛት የሚውል ጠንካራ ዛፍ) ጣውላ፣ በውስጡ ያለው የእርጥበት መጠን ከ6 ወደ 10 በመቶ ከፍ ቢል ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይጨምራል። ለአንድ ጣውላ ትንሽ የሚመስለው ይህ መጠን በክፍሉ ውስጥ ባሉት ጣውላዎች ሁሉ ሲባዛ ወለሉ መሄጃ አጥቶ ከመሠረቱ ሊነሣ፣ ወይም በደረቁ ወቅት በየመጋጠሚያው ክፍተት ሊፈጥር ይችላል። በድርብርቡ ጣውላ ውስጥ ግን አንዱ ንብርብር የሌላውን እንቅስቃሴ ስለሚገታ ለውጡ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለሆነም መሠረቱ ኮንክሪት ከሆነ፣ ክፍሉ ከመሬት በታች ከሆነ፣ ከወለሉ ሥር ማሞቂያ ካለ፣ ወይም ሰፊ ጣውላ ከተፈለገ ድርብርቡ ይመረጣል። ድፍኑ የሚስማማው ከመሬት ከፍ ላለ፣ ደረቅ የእንጨት መሠረት ላለውና እርጥበቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ለማይዋዥቅ ቤት ነው፤ በዚህ ጊዜም ጠባብ ጣውላ መምረጥ ብልኅነት ነው።

ለድፍኑ የሚሟገቱ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት ነጥብ ወለሉ ሲያረጅ በተደጋጋሚ ተፍቆ ሊታደስ መቻሉን ነው። ነገሩ እውነት ቢሆንም በግማሽ ብቻ ነው። የናሙናውን ጣውላ በጎኑ አቁመው ከላይኛው ገጽ እስከ ወንዴው ምላስ ድረስ ያለውን ይለኩት፤ ከ19 ሚሊ ሜትሩ ውስጥ ሊፋቅ የሚችለው ይህ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ 6 ሚሊ ሜትር የላይኛ ንጣፍ ያለው ጥሩ ድርብርብ ጣውላ በዚህ ረገድ ከድፍኑ የሚያንስበት ምክንያት የለም። በሌላ በኩል ንጣፉ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ድርብርብ በማሽን መፋቅን አይችልም፤ ዋጋው የሚያጓጓ ቢሆንም አንዴ ሲያረጅ መነሣቱ አይቀርም። ሻጩን «ጠቅላላ ውፍረቱ ስንት ነው?» ከማለት «የላይኛው ንጣፍ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። ከዚህ ጋር ላሚኔትን መለየት ያስፈልጋል፤ ላሚኔት የእንጨት ምስል የታተመበት ወረቀት በታመቀ የእንጨት ድቃቂ ሰሌዳ ላይ የተለበጠበት ስለሆነ ፈጽሞ አይፋቅም።

ወደ ዛፉ ዓይነት ስንመጣ፣ ጥንካሬ የሚለካው 11.28 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያላት የብረት ኳስ እስከ ግማሿ እንጨቱ ውስጥ እንድትሰምጥ በሚያስፈልገው ኃይል ሲሆን፣ ይህም የጃንካ መለኪያ ይባላል። በፓውንድ ኃይል ሲገለጽ የአሜሪካ ዋልነት 1,010፣ ቀይ ኦክ 1,290፣ ነጭ ኦክ 1,360፣ ጠንካራው ሜፕል 1,450፣ ሂኮሪ ደግሞ 1,820 ገደማ ያስመዘግባሉ። ይህ ቁጥር የሚናገረው ከባድ ዕቃ ሲወድቅበት ወይም ባለ ተረከዝ ጫማ ሲረግጠው እንጨቱ ምን ያህል እንደሚሰረጉድ ነው፤ የአሸዋ ቅንጣትና የውሻ ጥፍር የሚያወጡት ጭረት ግን አብዛኛውን ጊዜ የቅቡ ጉዳይ ነው። ጠንካራ ነው ተብሎ የተገዛ ሜፕል ገጹ ለስላሳና ፈዛዛ ስለሆነ ጥቂቷን ጭረት ሁሉ ያሳያል፤ የኦክ ጎላ ያለ መስመር ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ሁለቱ ኦኮችም አንድ አይደሉም። ከቀዩ ኦክ የተቆረጠች አጭር ቁራጭ አንዱ ጫፏ ውኃ ውስጥ ተነክሮ በሌላው ጫፍ ቢነፋባት አረፋ ታወጣለች፤ የውኃ መተላለፊያ ቱቦዎቿ ክፍት ናቸውና። የነጩ ኦክ ቱቦዎች በተፈጥሮ የተደፈኑ በመሆናቸው ለወይን በርሜልና ለመርከብ ሥራ ሲያገለግል ኖሯል። ውኃ ለሚፈስበት ለወጥ ቤት ወይም ለመግቢያ በር አካባቢ ነጩን ማስቀደም የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅቡን በሚመለከት ፖሊዩረቴን የተባለው ፕላስቲክ መሰል ቫርኒሽ በእንጨቱ ላይ እንደ ቆዳ ስለሚጋገር ውኃን በሚገባ ይከላከላል፤ ሲላላጥ ግን የተጎዳውን ቦታ ብቻ ማደስ ያስቸግራል። ዘይትና ሰም የተቀላቀለበት ቅብ ወደ እንጨቱ ስለሚሰርግ የተጫረውን ቦታ ለይቶ መጠገን ይቻላል፤ በምትኩ በየጊዜው መታደስን ይጠይቃል፣ የፈሰሰበትም ነገር ቶሎ መጠረግ አለበት። በእንፋሎት የሚሠራ መወልወያ ለሁለቱም ጎጂ ነው።

ለአብዛኛው ቤት፣ በተለይም መሠረቱ ኮንክሪት ለሆነ፣ 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ንጣፍ ያለው የነጭ ኦክ ድርብርብ ጣውላ ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ድፍኑን የመረጠ ሰው ግን ከመንጠፉ በፊት የጣውላውንና የመሠረቱን እርጥበት በመሣሪያ ማስለካት አለበት፤ በተለመደው የሙያው መመሪያ መሠረት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለጠባብ ጣውላ ከ4፣ ከ76 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ለሚሰፋው ደግሞ ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም። አንጣፊው በግድግዳው ዙሪያ በዞኮሎ የሚሸፈን የመላወሻ ክፍተት መተዉንም ማረጋገጥ ይገባል። ሲያዙ ለብክነት ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምረው ይዘዙ፤ የተረፈውንም ጣውላ በደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፤ ወደፊት አንድ ጣውላ ቢበላሽ በቀለምም ሆነ በመጋጠሚያ ልክ የሚገጥም ምትክ ከሌላ ምርት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።