የእናቴን የመርፌ ሕክምና (አኩፓንክቸር) ባለሙያ ላመስግን፤ ስትሮክ የመታው ሰው ያላችሁም አንብቡት

እናቴን ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇና እግሯ አልታዘዝ አሏት፣ ንግግሯ ግን ቶሎ ተመለሰ። ሆስፒታል በጊዜ ስለደረስን ነፍሷ ተረፈች፣ ተመስገን ነው። እኛን ያስጨነቀን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጠያቂ ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እህል አትልም፣ እንቅልፍ የላትም። ሐኪም ያዘዘላትን የእጅና የእግር እንቅስቃሴ እርግፍ አድርጋ ተወችው። "ሸክም ሆንኩባችሁ" ትልና ታለቅሳለች። ጎረቤቱ ሁሉ "አይዞሽ፣ በርቺ" ይላታል። ጸበልም ወሰድናት።

ሐኪሟ ነው ቁርጡን የነገረን። ይሄ ድባቴ ነው፣ ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱን ገደማ ይይዛል አለን። አንጎሉ ራሱ ተጎድቷል፣ አካል እንቢ ማለቱ ደግሞ ሌላ ኀዘን ነው። ስንፍና አይደለም፣ የእምነት ማነስም አይደለም። የድባቴ መድኃኒት ጀመረላት።

ላመሰግነው የፈለግሁትን ልጅ ያገኘነው በዚያው ሰሞን ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው፤ አኩፓንክቸር የሚባለውን የመርፌ ሕክምና ደግሞ ቻይና ሄዶ ተምሯል። የመጣ ቀን መርፌ አላወጣም። መድኃኒቶቿን አንድ በአንድ እያነሳ አየ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ሲያይ እዚያው ቁጭ ብሎ ለሐኪሟ ደወለ። እኔ ያመንኩት ያኔ ነው።

እናቴ ሹሩባ ተሠርታ ነበር። ጉንጉኑን እንዳያበላሽባት በጣቱ ቀስ እያለ ገለጥ አደረገና መሀል አናቷን አገኘ። ቻይናዎቹ ቦታውን ባይሁዊ ይሉታል። ሌላ መርፌ በቅንድቦቿ መሀል አደረገላት። መርፌዋ ከምናውቀው የክትባት መርፌ በጣም ትቀጥናለች፤ ከእሽጓ የሚያወጣት እዚያው ፊታችን ነው፣ አንዴ ተጠቅሞ ይጥላታል። "እማማ፣ ካመመዎት ይንገሩኝ" ሲላት "ትንኝ ናት እኮ ልጄ" አለችው።

በቻይናዎቹ አስተሳሰብ ድባቴ የሚመጣው 'ቺ' የሚሉት የሰውነት ኃይል መንገዱ ሲዘጋበት ነው፤ ይበልጡን ከጉበት ጋር ያያይዙታል። እሱ ግን ይህን ነግሮን ዝም አላለም። ቻይና ውስጥ ብዙ ጥናት ቢሠራም አብዛኛው ትንንሽ ነው፣ ጥራቱም ይተቻል አለን። ስለዚህ መርፌውን የሚሰጠው ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ መድኃኒቱን አስጥሎ አይደለም። አንድ ዘመዳችን የቻይና ቅጠላ ቅጠል ልኮልን ነበር፤ እንዳትሰጧት ብሎ ከለከለን። ዳንሸን የሚባለው ሥር ከዋርፋሪን ጋር ከተወሰደ ደም ሊያፈስ ይችላል። ሌላ ሰው ቢሆን ራሱ እያመጣ ይሸጥልን ነበር።

ለውጡ ቀስ እያለ ነው የመጣው። መጀመሪያ እንቅልፏ ተስተካከለ፣ ከዚያ እህል መቅመስ ጀመረች። አሁን ቡና ሲፈላ ጎረቤት ጥሩልኝ የምትለው እሷ ናት። የእጇንም እንቅስቃሴ ሳንጎተጉታት ትሠራለች። መድኃኒቱም፣ መርፌውም፣ የልጁ ትዕግሥትም ድርሻ አላቸው ብዬ አምናለሁ። እግዜር ያክብርልን፣ እጁን ይባርክልን!

ጎንደር ውስጥ ቤት ድረስ ይመጣል፣ አዘዞም ይሁን ማራኪ። ሒሳቡን አስቀድሞ ይናገራል። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ጠይቁ፤ እዚያ ቻይናውያን ሐኪሞች መርፌውን ሲሰጡ ቆይተዋል። የትም ብትሄዱ ግን የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ታማሚው "መኖር አስጠላኝ" ማለት ከጀመረ ደግሞ መርፌም ቀጠሮም አትጠብቁ፣ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።