ለጋሼ ምስጋና፣ አርቪ (ውስጡ ቤት ያለው መኪና) ለመንዳት ለምትፈሩ ደግሞ ጥቆማ

"አርቪ ልነዳ ነው" ስላት ልጄ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ "ከማን ጋር?" አለች። "ብቻዬን" ስላት ሳቋን አቆመች።

አልፈርድባትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ኮሮላ ብቻ የነዳሁ ሰው ነኝ። ከቤቴ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ እሁድ ቤተክርስቲያን። ረጅሙ ጉዞዬ ሪችመንድ ነው፤ እሱንም ለሰርግ።

ነገሩ ሲጀመር አራት ሴቶች ነበርን። ባለፈው ጥቅምት ቅጠሉ ወርቅ ሲሆን ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ሦስት ሌሊት ልናድር፣ ቡና ልናፈላ፣ ከልጅና ከባል ልንገላገል ተማማልን። አንዷ ፈረቃዋ ተቀየረ። የሁለተኛዋ እናት ከአዲስ አበባ መጡ። ሦስተኛዋ ምክንያትም አልሰጠችኝ፣ ዝም ብላ ጠፋች። (ይህን እንደምታነቢ አውቃለሁ።) ቀብዱ ደግሞ በእኔ ካርድ ነው የተከፈለው፤ አይመለስም።

የተከራየሁት 25 ጫማ ርዝመት ያለው፣ በፎርድ ኢ-450 ላይ የተሠራ አርቪ ነው። ከሹፌሩ ጣሪያ በላይ አልጋ ያለው፣ አይታችሁታል። በቨርጂኒያ እንዲህ ያለውን ለመንዳት የተለየ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የኮሮላው ይበቃል። እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። ፈቃዱ ይበቃል፣ ልቤ ግን አልበቃም። አከራዮቹ የሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ልከው "እሱን እዪ" አሉኝ። ሦስት ጊዜ አየሁት። ባየሁት ቁጥር ፍርሃቴ ጨመረ።

ፀጉሬን የምትሠራኝ ልጅ ናት የጋሼን ስልክ የሰጠችኝ። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። "ፌስቡክ ላይ ስሜን ካየሁት ሁለተኛ አላነሳልሽም" ብለዋል፤ ያደርጉታልም። ስለዚህ ጋሼ ብዬ እቀጥላለሁ።

ጋሼ በወጣትነታቸው ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ጭነት መኪና ይዘው የአሰብን መንገድ የተመላለሱ ሰው ናቸው። አሜሪካ ከመጡ በኋላም ባለ አሥራ ስምንት ጎማ እየነዱ ከዳር ዳር ሄደዋል። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አርቪ የሚከራይ ወይም የሚገዛ ሰው ሲገኝ አብረው ሄደው መኪናውን ይመረምራሉ፣ ከዚያ ባዶ ሜዳ ወስደው ያሰለጥናሉ። እኔን ለአራት ሰዓት 160 ዶላር ነው ያስከፈሉኝ።

ጠዋት ከአከራዮቹ ግቢ ጠበቁኝ። ሜትር ይዘው መጥተዋል። ልጁ ቁልፍ ሊሰጠኝ ሲል "ቆይ" ብለው በኋላ መሰላሉ ወጡ፣ በዚያ ጉልበታቸው። ወረቀቱ የመኪናው ቁመት 11 ጫማ ነው ይላል። ጋሼ ጣሪያው ላይ ያለውን የማቀዝቀዣ ሳጥን ጨምረው ሲለኩት 11 ጫማ ከ10 ኢንች ሆነ። ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። ጋሼ ከኪሳቸው ፕላስተር አውጥተው ቁጥሩን በትልቁ ጻፉና መሪው ፊት ለጠፉት። "ድልድይ ስታዪ፣ የነዳጅ ማደያ ጣሪያ ስታዪ፣ መጀመሪያ ይህን እዪ። ቡና በመስኮት የሚሸጡበት ጋ ደግሞ በስህተት እንኳ እንዳትገቢ።"

ከዚያ ከአንድ የተዘጋ ትልቅ ሱቅ ጀርባ ያለ ባዶ ማቆሚያ ሄድን። የዚያን ቀን ካየሁት ሁሉ የማልረሳው ባልዲው ነው።

ጋሼ ቀይ የፕላስቲክ ባልዲ ከመኪናው የኋላ ቀኝ ጥግ አጠገብ አስቀመጡ። በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ክፍተት አለ። "ይሄ ባልዲ የሰው መርሴዲስ ነው" አሉ። "መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙሪና ቀስ ብለሽ ወደ ፊት ሂጂ።" ወደ ግራ ነው የምዞረው፤ ባልዲው ያለው በቀኝ። ምን አገናኘው ብዬ ሄድኩ። ዷ! ወርጄ ሳይ ባልዲው ተንከባሎ ግድግዳ ሥር ደርሷል።

ለካ የዚህ መኪና ቂጥ ከኋላ ጎማው በስተኋላ ብዙ ይረዝማል። ፊቱ ወደ ግራ ሲዞር ቂጡ ወደ ቀኝ ይወረወራል። ኮሮላ ላይ ይህ ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ጭንቅላታችን አያውቀውም። ከማደያ ስንወጣ ምሰሶ የምንገጨው፣ ከፓርኪንግ ስንወጣ የጎረቤት በር የምንልጠው በዚህ ነው። ባልዲውን አሥራ አንድ ጊዜ መልሰው አቆሙት። ሰባቱን ጊዜ ገጨሁት። "ሰባት መርሴዲስ" አሉ ጋሼ፣ ሳይስቁ።

እንዳትሸወዱ፣ ጋሼ ይጮኻሉ። የሚያባብል አስተማሪ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። እኔ አንድ ጊዜ እንባዬ መጥቷል። ግን የሚጮኹት በቦታው ነው፤ ከጮኹ በኋላ ለምን እንደጮኹ ያስረዳሉ።

ስንጨርስ ዋናውን ነገር ነገሩኝ። "እኛ ስንነዳ ረዳት ነበረን" አሉ። "ወደ ኋላ ስንል 'ና ና ና' የሚል፣ ዳገት ላይ ስንቆም ጎማ ሥር ታኮ የሚያደርግ። አንቺ ብቻሽን ነሽ። ስለዚህ ረዳቱም ሹፌሩም አንቺ ነሽ። ወደ ኋላ ስትሄጂ ካልታየሽ አቁሚ፣ ውረጂ፣ ዞረሽ እዪ፣ ተመልሰሽ ውጪ። አሥር ጊዜም ቢሆን ውረጂ። ሰው ያየኛል ብለሽ እንዳታፍሪ።"

ከሰዓት በኋላ ጉዞ ጀመርኩ። አይ-66 አውራ ጎዳና ላይ የመጀመሪያዎቹ አሥር ማይሎች ምን እንደሚመስሉ አልዋሽም፣ ጸሎት ነበሩ። መቀመጫው በጣም ወደ ግራ ስለሆነ መሐል ላይ ያለሁ እየመሰለኝ ቀኝ ጎማዬ ደጋግሞ ጠርዙን ይረግጣል፣ ድድድድ ይላል። ጋሼ "መንገዱን በፊት መስታወቱ ብቻ አትዪው፣ በቀኝ ስፖኪዮ ነጩን መስመር እዪ፣ እሱ አይዋሽም" ያሉት ትዝ አለኝ። ጋይንስቪል ስደርስ ድድድዱ ቆመ።

ፍሮንት ሮያል ላይ ነዳጅ ልቀዳ ገባሁ። ፕላስተሩን አየሁ፣ የማደያውን ጣሪያ ቁመት አነበብኩ፣ ገባሁ። ይህ መኪና በጋሎን ስምንት፣ ቢበዛ አሥር ማይል ነው የሚሄደው። ኮሮላ የለመደ ሰው ቆጣሪውን ባያየው ይሻላል። ከማደያው ስወጣ ቂጤን አሰብኩ፣ ምሰሶውን በሰፊው አለፍኩት። በኩራት ልሞት ስል ከኋላዬ የሆነ ነገር ተንኮታኮተ። አንዱን ቁም ሳጥን ሳልቀረቅር ኖሯል። የሽሮ ብልቃጥ ወድቆ ተሰብሯል፤ ወለሉ ሽሮ፣ ምንጣፉ ሽሮ፣ ጫማዬ ሽሮ። ጀበናዬ ግን ጋሼ ባዘዙኝ መሠረት በጋቢ ተጠቅልላ አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ምንም አልሆነችም።

ከፍሮንት ሮያል ስካይላይን ድራይቭ ይጀምራል። በሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ በተራራው ጀርባ ላይ 105 ማይል የሚሄድ መንገድ ነው፤ ፍጥነቱ ከ35 ማይል አይበልጥም። ለጀማሪ ይህ በረከት ነው። 32ኛው ማይል ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ፣ ዓለቱን ፈልፍለው የሠሩት። ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ፕላስተሬ 11 ከ10 ይላል። አሥር ኢንች ይተርፈኛል። ሒሳቡን አውቀዋለሁ፣ ግን አፉ ላይ ስደርስ ሳላውቀው አንገቴን ደፋሁ። በኋላ ለጋሼ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ፤ "እኔም ጣርማ በር ዋሻ መጀመሪያ ስገባ ደፍቻለሁ" አሉኝ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የማድርበት ቢግ ሜዶስ 51ኛው ማይል ላይ ነው። ቦታ ስይዝ ጋሼ "ወደ ኋላ ስትገቢ በአንቺ በኩል፣ በግራ የምትታጠፊበትን ምረጪ፤ በመስኮትሽ ታዪዋለሽ" ብለውኝ ካርታው ላይ እያጎላሁ የመረጥኩት ነበር። ይሁን እንጂ ስደርስ ፊት ለፊት ሁለት ቤተሰብ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል። ሲኒማ ሆንኩላቸው። የኋላ ማርሽ አስገባሁ፣ ትንሽ ሄድኩ፣ አልታየኝም፣ አቆምኩ፣ ወረድኩ። ዛፍ አለ። ተመለስኩ። ደግሞ ወረድኩ። የእሳት ማንደጃው ብረት አለ። ሦስተኛው ላይ አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ተነስቶ እጁን እያወናጨፈ ሊመራኝ መጣ። አመሰገንኩት። ግን የእሱን እጅ አይቼ ዛፉን ብገጭ የምከፍለው እኔ ነኝ። ስለዚህ እሱም እያወናጨፈ፣ እኔም እየወረድኩ ቀጠልን። በሰባተኛው ገባሁ። አጨበጨቡልኝ። ከልብ ይሁን ከመሰልቸት አላውቅም።

እዚያ ማደሪያዎቹ ላይ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የለም፤ ጄኔሬተርም በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ማሞቂያው የሚነደው በጋዝ ነው፣ አየሩን የሚገፋው ግን በባትሪ ነው። ጋሼ "ሌሊቱን ሙሉ አትክፈቺው፣ ባትሪው ያልቅና በብርድ ትነቂያለሽ" ባይሉኝ ኖሮ አላውቀውም ነበር። ጋቢዬን ደርቤ ተኛሁ። ጠዋት ቡና ቆላሁ። በአካባቢው ድብ ስላለ ምግብ ውጭ መተው ክልክል ነው፤ እኔም ጭሱ ድብ ይጠራብኝ ይሆን እያልኩ በር በሩን ሳይ ነበር። የመጣችው ግን አንዲት አጋዘን ናት። አቦሉን ጠብቃ ሄደች።

ስለ ሽንት ቤቱ ታንከር ብዙ አልልም፤ ምግብ እየበላችሁ ልታነቡ ትችላላችሁ። ጓንት አድርጉ። መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ማለት የሽንት ቤቱ፣ ይፈስሳል፣ ከዚያ የገላና የዕቃ ማጠቢያው፤ ሁለተኛው ቱቦውን አጥቦ ይሄዳል። ይህንን ጋሼ በወረቀት ጽፈው በር ላይ ለጥፈውልኛል፣ ከነሥዕሉ።

ስመለስ በቶርንተን ጋፕ ወጥቼ በ211 መንገድ ወደ ስፔሪቪል ወረድኩ። ቁልቁለቱ ጥምዝምዝ ነው። የአሰብ መንገድ ሹፌር ምክር የገባኝ እዚያ ነው፤ "በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ።" በማርሽ ዘንጉ ጫፍ ያለችውን ቁልፍ ስጫን ሞተሩ ራሱ እያጓራ መኪናውን ያዘው። ፍሬን የነካሁት መታጠፊያ ላይ ብቻ ነው፣ ነካ አድርጎ መልቀቅ። ከኋላዬ ሰባት ስምንት መኪና ተሰለፈ። ቦታ ሳገኝ ዳር ይዤ አሳለፍኳቸው። አንዱ ክላክስ አደረገ፤ ለምስጋና ይሁን ለስድብ፣ ለምስጋና ብዬ ወሰድኩት።

መኪናውን ስመልስ ጋሼ ሳልጠራቸው መጥተዋል። ሰላምታም አልሰጡኝ። ቀጥ ብለው ወደ ኋላው ቀኝ ጥግ ሄዱ። ጎንበስ አሉና በጣታቸው አንድ መስመር ነኩ። "ይሄስ?" ልቤ ቀጥ አለ። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ሲያሹት ለቀቀ። ጭቃ ነው። "እሺ" አሉ። ያቺን "እሺ" ለማንም አልሸጣትም። ተጨማሪ ሃምሳ ዶላር ልሰጣቸው ብል አልቀበልም አሉ፤ ግማሽ ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና ግን ወስደዋል።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደምታነብልዎት ነግራኛለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉልበትዎን ይማርልኝ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ቴክስት አያነቡም፣ ደውሉ። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ስለሚሆኑ አትደውሉ። ሒሳብ አትከራከሩ፣ ይዘጉባችኋል። ለስልጠና ስትሄዱ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፤ ብዙ ያስወርዷችኋል። ባልዲውን እሳቸው ያመጣሉ።