«ክሪስማስ ነኝ»

አባዬ ጆሮው ከደከመ ወዲህ ቴሌቪዥናችን ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ባለፈው ወር የቴሌቪዥኑን ንግግር ሰምቶ በአማርኛ የሚጽፍ መተግበሪያ ታብሌቱ ላይ ጫንኩለት። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ሲጀምር በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ ተራው ለእኛ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ፈጀ!

መተግበሪያው ዜና ላይ ጎበዝ ነው፤ አንባቢዋ ረጋ ብላ ስለምታወራ እምብዛም አይስትም። ድራማ ላይ ሁለት ሰው ከተጨቃጨቀ ግን አበቃለት፣ የማን ንግግር እንደሆነ ሳይለይ ይደባልቀዋል። ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉምማ ጉድ ነው። የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ ምሳ ደረሰ ወይ ስትባል «ገና ነኝ» ያለችውን ሴትዮ «ክሪስማስ ነኝ» አስባላት። ልጄ በሳቅ ፈረሰች።

አባዬ ግድ የለውም። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ «ዛሬማ አንድም አላመለጠኝ» ይላል። የወሩን ክፍያ አድሼለታለሁ።