የሽፋኑን ማርጀት አይታችሁ ሸክላውን አትመኑ

ንዴቴ ገና አልበረደም። ቅዳሜ ዕለት 65 ፓውንድ ከፍዬ ያመጣሁት የሙዚቃ ሸክላ የከፈልኩበት ሸክላ አይደለም። ዓይኔ እያየ ቀየሩብኝ። ባለሱቁ ከእኔ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ ነው ያደረገው። ዛሬ ሰኞ ልመልስ ሄጄ ነበር። ያዋረዱኝን ደግሞ ኋላ እነግራችኋለሁ።

እዚህ ማንችስተርም ሆነ ሌላ የእንግሊዝ ከተማ ያላችሁ ሸክላ ሰብሳቢዎች አሮጌ ሸክላ የሚሸጡትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ጠባብ ነው። እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርድሯል። ባለቤቱ ከወንበሩ አይነሳም፤ ሰላም ስትሉት ቅንድቡን ብቻ ያነሳል። ውድ ውዱ ከጀርባው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ «የመጀመሪያ ህትመት» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። ቀንስልኝ ስትሉት «ጠዋት አንድ ሰው ደውሎ ያዝልኝ ብሎኛል» ይላል። ያ ሰው መጥቶ አያውቅም። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ስንት ዓመት የተመላለስኩበት ነገር ነው። እያወቅኩ መበላቴ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሸክላው ጆይ ዲቪዥን የተባለው የሮክ ባንድ «ላቭ ዊል ቴር አስ አፓርት» ነው፤ ባለ 12 ኢንቹ። በአማርኛ «ፍቅር ይለያየናል» እንደማለት ነው። ልጆቹ የዚሁ አካባቢ ልጆች ናቸው። ዘፋኙ ኢያን ከርቲስ ሜይ 18 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. በ23 ዓመቱ አረፈ፤ ሸክላው በወሩ ወጣ። ማክልስፊልድ ያለው የመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸውም የዚህ ዘፈን ስም ነው። እኔ ይሄን ዘፈን የሰማሁት እዚህ አገር በመጣሁበት የመጀመሪያ ክረምት ነው፤ ስቶክፖርት፣ መጋዘን ውስጥ፣ ሌሊት። ዕቃ እየጫንን ነበር። ሬዲዮው ላይ መጣ። ግጥሙ ግማሹ አልገባኝም፤ ግን ሥራዬን አቁሜ ቆምኩ። በኋላ ነው እዚያው ስቶክፖርት ውስጥ ስትሮውበሪ ስቱዲዮ የተቀዳ መሆኑን ያወቅኩት። በየሌሊቱ በአውቶቡስ የማልፈው ከተማ ውስጥ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ኦሪጅናሉን መያዝ ምኞቴ ሆነ።

ለሸክላ ያለኝ ፍቅር ደግሞ ከአባቴ የመጣ ነው። የአምሃ ሬከርድስ፣ የድሮው የአገራችን ሸክላ አሳታሚ፣ ሸክላዎች ነበሩት፤ ትንንሾቹ፣ ባለ 45ቶቹ። ካሴት ሲመጣ አንድ በአንድ ሰጥቶ ጨረሳቸው። አንዲትም አልደረሰችኝም። አሁን አንድ ሸክላ ስይዝ «የዚያን ጊዜ ሰው የያዘው ይሄንኑ ነው» ብዬ ማሰብ እፈልጋለሁ። ገንዘቡን የማወጣው ለዚህ ነው። ሙዚቃውማ ስልኬ ላይ በነጻ አለ።

አሁን ወደ ህትመቱ ልምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይሄ ሸክላ አንድ ጊዜ ታትሞ የቆመ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ወጥቶ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 13ኛ ደረጃ ደረሰ። በ1983 እንደገና ወጥቶ 19ኛ ገባ። በ2020 ደግሞ 40ኛ ዓመቱን አስመልክቶ ባለ 12 ኢንቹ በወፍራም፣ በ180 ግራም ፕላስቲክ ታተመ። ባለ 7 ኢንቹና ባለ 12 ኢንቹ ሽፋናቸው የተለያየ ነው፤ ትልቁ ላይ ያለው ጣሊያን ውስጥ ጄኖቫ ከሚገኘው የስታሊዬኖ መቃብር የተነሳ የሐውልት ፎቶ ነው። ግን ትልቁን ከትልቁ በፎቶው አትለዩም። ያው ፎቶ ነው።

የሚለየው የሸክላው የውስጥ ጠርዝ ነው። ሙዚቃው አልቆ መርፌው ዝም ብሎ የሚዞርበትን ባዶ ቦታ ታውቁታላችሁ፤ መሀል ካለው ወረቀት ጎን ያለውን። የሸክላው መታወቂያ እዚያ ነው ያለው። ቁጥሩ እዚያ ይጫራል። የቆራጩ፣ ማለትም ሙዚቃውን ለህትመት በሚሆነው ዋና ሸክላ ላይ የሚቀርጸው ባለሙያ ምልክት እዚያ ይቀመጣል። ፖርኪ የሚባለው ቆራጭ ጆርጅ ፔካም ስንትና ስንት የእንግሊዝ ሸክላ ላይ ስሙን በእጁ ጭሮ አልፏል። ይሄን ሸክላ ያሳተመው ፋክቶሪም እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አጫጭር መልእክት ማስጫር ይወድ ነበር። ስለዚህ የገባው ሰው መጀመሪያ ጠርዙን ነው የሚያየው። እኔም አይቻለሁ። በደንብ አይቻለሁ።

ቅዳሜ የሆነው እንዲህ ነው። «ብርሃን ላይ ልየው» አልኩት። እያጉረመረመ ተነስቶ ከግድግዳው አወረደው። ሽፋኑ ጠርዝ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ከላይ በቀኝ ማዕዘኑ ላይ የድሮ ባለቤቱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት ፊደል ጽፎበታል። ሸክላውን አወጣና መብራቱ ስር ዘንበል አድርጎ ያዘልኝ። ቀጭን ነው። ስስ ስስ ጭረት አለበት፤ አርባ ዓመት ያለፈው ዕቃ ሊኖረው የሚገባው ዓይነት። ጠርዙ ላይ በእጅ የተጫሩት ፊደሎች ዘመም ዘመም ብለው ይታያሉ። ከፊደሎቹ አለፍ ብሎ እንደ ጨረቃ የጎበጠች ትንሽ ጭረት አለች። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ። የሰውየው አውራ ጣትም ፎቶው ውስጥ ገባ፤ ጥፍሩ ተቀጥቅጦ የጠቆረ ነው።

«እወስደዋለሁ» አልኩ። ልቤ ይመታ ነበር።

«የውስጥ ወረቀቱ ተቀዷል፣ አዲስ ላድርግልህ» አለኝ። ደግ ሆኖ ታየኝ። ሽፋኑንም ሸክላውንም ይዞ ወደ ኋላ፣ መጋረጃ ወዳለበት ዞረ። ገባ አላለም። እዚያው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። በዚያው ቅጽበት አብሮት የሚሠራው ወጣት «ካርድህን እዚህ» አለኝ። ማሽኑ አልሠራ አለ። ድጋሚ ሞከርን። ልጁ «ከየት ነህ?» አለኝ። ኢትዮጵያ አልኩት። ፊቱ በራ። «ሙላቱ አስታጥቄ! እኛ እዚህ በጣም ነው የምንወደው» አለ። ደስ አለኝ። ስለ ሙላቱ ማውራት ጀመርኩ። ስለ አባቴ ሸክላዎች ሳይቀር ነገርኩት። ዓይኔ ልጁ ላይ ነው። ከኋላ የፕላስቲክ ኮሽታ ይሰማኛል። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ወይ ሁለት። ያን ጊዜ ነው የቀየረው።

ተመልሶ ሲመጣ ሸክላው በፕላስቲክ ታሽጓል፤ አፉ በሙጫ ተዘግቷል። ማዕዘኑን አየሁ። ሰማያዊዎቹ ሁለት ፊደሎች አሉ። በቃ፣ የኔው ነው አልኩ። ሽፋኑ የኔው ነበር። ውስጡን አላየሁም። ሰውየውን ማመናጨቅ መሰለኝ። እንደዚያ ካጫወቱኝ በኋላ እሽጉን ቀድጄ ማየት ነውር ሆኖ ተሰማኝ። ይሉኝታዬ ነው ያስበላኝ።

ቤት ደርሼ፣ እራት ተበልቶ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ገና ሳወጣው እጄ ነገረኝ። ከበደኝ። ትንሽ ጎበጥ ላደርገው ስል አልጎብጥ አለ። እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ አንድ ጭረት የለበትም። የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ አለው። የኩሽናውን ሚዛን አወጣሁ። 179 ግራም። ከዚያ የዚያን ዘመን ሌሎች ባለ 12 ኢንቾቼን አንድ በአንድ መዘንኩ። አንዱም 140 አልሞላም። ፎቶውን ከፈትኩ። ጠርዙን መብራት ስር አስጠግቼ አስተያየሁ። ዘመም ያሉት ፊደሎች የሉም። ጨረቃ የምትመስለው ጭረት የለችም። በ2020 የታተመውን አዲሱን አሮጌ ሽፋን ውስጥ ከተው ሰጥተውኛል።

ባለቤቴ መጥታ «ሱቁ ውስጥ እያለህ ለምን አላወጣኸውም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ሌሊቱን ሙሉ ያቺን አንድ ደቂቃ ነው ስመላለስባት ያደርኩት። ለምን ልጁን ትቼ ሰውየውን አላየሁም? ለምን ስለ አባቴ አወራሁ? ለማያውቁት ሰው የሆዴን ዘረገፍኩ፤ እነሱ ደግሞ በዚያ መሀል ኪሴን አወለቁ።

ዛሬ ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ሸክላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በጨዋነት ነገርኩት። ተሳሳታችሁ ይሆናል አልኩ። መውጫ ሰጠሁት። ሽፋኑን ሳያነሳ «የ1980 ነው፣ ዓይንህ እያየ ነው የገዛኸው» አለኝ። ሽፋኑማ የ1980 ነው፣ ውስጡ ግን አይደለም አልኩ። ፎቶውን አሳየሁት። ስልኬን ተቀብሎ አየ። የገዛ ጣቱን አየ። ያ የጠቆረ ጥፍር ፎቶው ውስጥ አፍጥጦ ይታያል። ምንም አላለም። ስልኩን መለሰልኝና ያንን እጁን ከጠረጴዛው ስር አስገባ። አይቼዋለሁ። ከዚያ «ይሄ ፎቶ ከየትም ሊመጣ ይችላል» አለ።

ልጁ ጣልቃ ገባ። ቅዳሜ ሙላቱ ሙላቱ ሲለኝ የነበረው። «ዘፈኑ ያው አይደል? እንዲያውም አዲሱ ድምፁ ይጠራል» አለኝ። «አዲሱ» አለ፤ በገዛ አፉ። «እንግዲህ አዲስ መሆኑን ታውቃላችሁ» አልኩት። ዝም አለ። ሰውየው እጁን ዘርግቶ የሙዚቃውን ድምፅ ከፍ አደረገው። እያናገርኩት እኮ ነው! ከኋላዬ ካርቶን የሚያገላብጡ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ ዞረው አዩኝ። አስተያየታቸውን አልረሳውም። ሌባው እኔ መሰልኩ። የገዛሁትን አቅፌ ወጣሁ።

የገባኝን ልንገራችሁ። ያ ኦሪጅናል ሸክላ የሚሸጥ አይደለም፤ ማጥመጃ ነው። የተቧጨረ፣ መጫወት ያቃተው አሮጌ ሸክላ በርካሽ ገዝቶ ሽፋኑን ያስቀራል። አዲሱን ከየትኛውም ሱቅ ይገዛል። ኦሪጅናሉን ለሁሉም ያሳያል፣ አዲሱን ለሁሉም ያሽጋል። ሌላ ማብራሪያ አላገኘሁለትም። የኛዎቹ የድሮ ሸክላዎች ላይ ደግሞ ይሄ ቢደረግ አስቡት። የአምሃ ሸክላዎች ዛሬ በአውሮፓ ስንት እንደሚጠየቅባቸው ታውቃላችሁ። እነሱም እንደገና እየታተሙ ነው። ድጋሚ ህትመቱ ደስ ይለኛል፣ ሙዚቃው አይጥፋ። በኦሪጅናል ስም ሲሸጥ ግን ዘረፋ ነው።

የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም። ባንኬ ጋ ደውዬ ክፍያው እንዲጣራ ጠይቄያለሁ። እዚህ አገር ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘብን የመቀበል መብት አለ፤ በጽሑፍም እጠይቃቸዋለሁ። ችግሩ ደረሰኜ ላይ «ሸክላ፣ 65» ብቻ ነው የሚለው። እናንተ «የ1980 ህትመት» ብለው እንዲጽፉላችሁ አድርጉ። ጠርዙን ፎቶ አንሱ፤ ከሱቁ ሳትወጡ ደግሞ እሽጉን ቀዳችሁ ከፎቶው ጋር አስተያዩ። ቅር ቢላቸው ይበላቸው።

ከሱቁ ወጥቼ ማዶ ካለው ፌርማታ ቆምኩ። አውቶቡሱ ዘገየ። በመስኮቱ ወደ ውስጥ ይታያል። ሰውየው ከወንበሩ ተነሳ። ከጠረጴዛው ስር አንድ ሸክላ አወጣና እኔ ቅዳሜ ያስወረድኩት ቦታ ላይ ሰቀለው። ያው የመቃብር ሐውልት፣ ጠርዝ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ሽፋን። ወረቀቱንም ለጠፈበት።