ውጭ አገር እየኖሩ የቅድመ ክፍያ ቁጥርን ማቆየት፦ በአገር ቤት ቆይታዬ የተጠቀምኩባቸው የስልክ አገልግሎቶች

አገር ቤት ያለውን የቅድመ ክፍያ ስልክ ቁጥሩን ውጭ አገር ሆኖ የሚያጣ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣው ሂሳብ መሙላት አቅቶት ሳይሆን መስመሩ የሚዘጋበትን ቀን በጊዜው የሚነግረው ስለማያገኝ ነው። ስለዚህ በዚህ የአገር ቤት ቆይታዬ የተጠቀምኩባቸውን የስልክ አገልግሎቶች ስገመግም፣ ከድምፅ ጥራትና ከኢንተርኔት ፍጥነት ይልቅ ያስቀደምኩት አንድ ጥያቄ ነው፤ ደንበኛው ተመልሶ ከአገር ሲወጣ ቁጥሩ እስከ መቼ በእጁ እንደሚቆይ፣ ለማቆየትም ምን ማድረግ እንዳለበት በትክክል ያውቃል ወይ? ይህን ጥያቄ በአግባቡ የመለሱልኝ አገልግሎቶች ጥቂት ናቸው፤ የመለሱልኝን ግን ከልብ አመሰግናለሁ።

ጉዳዩን የምከታተለው በትርፍ ስጋት አይደለም። ዛሬ የባንክ ክፍያ የሚጸድቀው፣ የተረሳ የይለፍ ቃል የሚታደሰው፣ ወደ ልዩ ልዩ አገልግሎቶች የሚያስገባው የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው በስልክ ቁጥር ነው። የተዘጋ ቁጥር ደግሞ ባለቤት አልባ ሆኖ አይቀርም፤ ለተወሰነ ጊዜ ከአገልግሎት ውጭ ከቆየ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን ባወጣው ደንብ፣ በቋሚነት የተቋረጠ ቁጥር ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት ሊቆይ የሚገባው ዝቅተኛ ጊዜ 45 ቀን ብቻ ነው። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ለአዲስ ደንበኞች ከቀረቡ ቁጥሮች መካከል 259ኙን መርምረው 171ዱ በታዋቂ ድረ ገጾች ላይ ካሉ መለያዎች ጋር እንደተሳሰሩ አግኝተዋቸዋል። ቁጥሩን አዲስ የገዛው ሰው ክፉ ሐሳብ ቢኖረው፣ የሌላ ሰው መለያ ውስጥ ለመግባት የሚያስፈልገው ኮድ በራሱ ስልክ ላይ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች አስቀድሜ የማመሰግነው በአካል ሄጄ ያገኘሁትን የደንበኞች መስተንግዶ ነው። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ተራዬ ደርሶ ያስተናገደችኝ ወጣት ሠራተኛ ግን ሥራዋን የምታውቅ ነበረች። «ውጭ ነው የሚኖሩት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ ስላት የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኔ አዙራ ሁለት ቀኖችን በጣቷ አሳየችኝ። አንደኛው ከመስመሩ መደወልና መልእክት መላክ የሚቆምበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቁጥሩ ጨርሶ ከስሜ የሚወጣበት ቀን ነበር። «ሂሳብዎ ብዙ ነው፤ እሱ ግን መስመሩን አያቆይልዎትም። መስመሩን የሚያቆየው ከዚህ ቀን በፊት የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ነው» አለችኝና ሁለቱንም ቀኖች በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ያንን ወረቀት በስልኬ ፎቶ አንሥቼ አስቀምጬዋለሁ። ሁለቱን ቀኖች ለይቶ የሚያሳይ መተግበሪያ ቢኖር ኖሮ ወረፋ መያዝም ባላስፈለገ ነበር፤ እስካሁን ባየኋቸው መተግበሪያዎች ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን ቀሪ ሂሳቡ ብቻ ነው።

የነገረችኝ ነገር ለሁሉም ተጓዥ ይሠራል። የቅድመ ክፍያ መስመር በአብዛኞቹ አገልግሎት ሰጪዎች ዘንድ የሚዘጋው በደረጃ ነው፤ በመጀመሪያ ከመስመሩ መደወል ይቆማል፣ ጥሪና መልእክት መቀበል ግን ለጥቂት ጊዜ ይቀጥላል፣ ቀጥሎ መቀበሉም ይቋረጣል፣ በመጨረሻም ቁጥሩ ከሲም ካርዱ ላይ ይነሣል። እኔ ከሁሉ የምፈራው የመጀመሪያውን ደረጃ ነው፤ ምክንያቱም የባንክ ኮድ እየደረሰው ያለ ሰው መስመሩ ደህና ነው ብሎ ይዘናጋል። የቀኑን ቆጠራ እንደገና የሚያስጀምረው ነገርም ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ይለያያል። አንዳንዱ ሂሳብ መሙላትን ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው ደግሞ ገንዘብ የሚቆረጥበት አንድ ጥሪ ወይም አንድ አጭር መልእክት ይበቃዋል። መልእክት መቀበል ብቻውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ የለውም። የጊዜ ገደቡ በብዙ ቦታ ከ3 እስከ 6 ወር ቢሆንም፣ ደንቡ ከሌላ አገር ልምድ ተነሥቶ የሚገመት አይደለም። ለምሳሌ በሕንድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ለ90 ቀናት ያልተንቀሳቀሰ መስመር አነስተኛ ቀሪ ሂሳብ ካለው ከዚያው ላይ እየተቆረጠ ዕድሜው ይራዘማል። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት አገር ግን የተከማቸ ሂሳብ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይጠፋል። «ሂሳብ አለኝ» ማለት «መስመር አለኝ» ማለት አይደለም።

ከውጭ አገር ሆኖ በባንክ ካርድ ሂሳብ የሚሞላበትን የኢንተርኔት አገልግሎት ስመዝን፣ ፍጥነቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም ግልጽነቱ ቅር አሰኝቶኛል። የተጠቀምኩበት ድርጅት ገንዘቡን ወዲያውኑ አደረሰ፤ ነገር ግን ወደ ዋናው ሂሳብ ሳይሆን በዳታ ጥቅል መልክ ነበር ያስገባው፣ የመስመሩ ማብቂያ ቀንም ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። በክፍያው ገጽ ላይ የሚታየው መጠኑ እንጂ ወደ የትኛው ሂሳብ እንደሚገባ አይደለም። ቅሬታ ሳቀርብ የተሰጠኝ መልስ «አገልግሎቱ ደርሶዎታል» የሚል ነበር፤ በእርግጥም ደርሶኛል፣ ያልደረሰኝ ግን የከፈልኩበት ዓላማ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት አገልግሎት የሚሞላ ሰው ከመክፈሉ በፊት «ወደ ዋናው ሂሳብ» የሚል ቃል መኖሩን እንዲያረጋግጥ፣ ከሞላ በኋላም ቀሪ ሂሳቡን ብቻ ሳይሆን የማብቂያውን ቀን እንዲያይ አጥብቄ እመክራለሁ። ዘመድ ከራሱ ስልክ ሂሳብ የሚያስተላልፍበት መንገድም ተመሳሳይ ጉድለት ሊኖርበት ይችላል፤ አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎች የተላለፈን ሂሳብ እንደ አዲስ ሙሌት አይቆጥሩትም።

ሮሚንግ፣ ማለትም የአገር ቤቱን መስመር በሌላ አገር ኔትወርክ ላይ መጠቀም፣ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚጥለው በእሱ ላይ ነውና። የቅድመ ክፍያ ሮሚንግ ከድኅረ ክፍያው የሚለይበት ቁም ነገር አለ። የድኅረ ክፍያ ደንበኛ ሂሳቡ በኋላ ይላክለታል፤ የቅድመ ክፍያ ደንበኛ በሚደውልበት ጊዜ ግን የእንግዳው አገር ኔትወርክ በዚያው ቅጽበት የአገር ቤቱን ድርጅት «ይህ ሰው በቂ ሂሳብ አለው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ለዚህ የሚያገለግል፣ ካሜል (CAMEL) የሚባለውን የመሰለ የቴክኒክ ሥርዓት በሁለቱ ድርጅቶች መካከል ካልተዘረጋ፣ ስልኩ ኔትወርክ ይዞና መልእክት እየተቀበለ መደወል ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ከአገር ከመውጣት በፊት መጠየቅ ያለበት «ሮሚንግ አላችሁ?» ተብሎ ሳይሆን «በምኖርበት አገር ለቅድመ ክፍያ ደንበኛ መደወልና መልእክት መላክ የሚያስችለው የትኛው ኔትወርክ ነው?» ተብሎ ነው። መልሱን ካገኙ በኋላ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ያንኑ ኔትወርክ በእጅ መምረጥ ይቻላል። አንዳንድ ድርጅቶች ሮሚንግ የሚከፍቱት መስመሩ አገር ቤት እያለ በመሆኑ፣ ጥያቄውን አውሮፕላን ማረፊያ እስኪደርሱ ማቆየትም ተገቢ አይደለም።

የሮሚንግ ሌላው ወጥመድ ሂሳብን ሳይታወቅ የሚጨርሰው የጥሪ ማስተላለፍ ነው። አገር ቤት ሆኖ የሚደውል ሰው ጥሪው ባለቤቱን ፍለጋ እስከ ውጭ አገር ይሄዳል፤ ባለቤቱ ካላነሣ ደግሞ መስመሩ ላይ የድምፅ መልእክት ሳጥን ተከፍቶ ከሆነ ጥሪው ተመልሶ ወደ አገር ቤት ይተላለፋል። በዚህ ምክንያት ስልኩን ያልነካ ደንበኛ በሄደውም በተመለሰውም መንገድ ሊከፍል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመሄድ በፊት ##002# ደውሎ ሁሉንም የጥሪ ማስተላለፍ ትእዛዞች መሰረዝ፣ የዳታ ሮሚንግንም መዝጋት ነው። ይህን የነገረኝ አንድም የአገልግሎት ሠራተኛ የለም፤ ሊነግሩን ግን ይገባ ነበር። የደንበኞች አገልግሎት አጭር ቁጥርም ከውጭ አገር ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ፣ በመደመር ምልክትና በአገር መለያ የሚጀምረውን ሙሉ ቁጥር አስቀድሞ ጠይቆ መመዝገብ ይበጃል።

ቀፎውም የራሱ ችግር አለው። አገር ቤት ሲመጡ ብቻ የሚወጣ አሮጌ ስልክ ውስጥ ሲሙን ትቶ መሄድ የብዙዎቻችን ልማድ ነበር። በአሜሪካ ታላላቆቹ ኩባንያዎች የ3ጂ ኔትወርካቸውን እ.ኤ.አ. በ2022 ስለዘጉ፣ በ4ጂ ላይ የድምፅ ጥሪ የማያስተናግድ ቀፎ እዚያ ከእንግዲህ በአብዛኛው አይደወልበትም። በዚያው ዓመት ወጥቶ በአሜሪካ የተሸጠው አይፎን 14 ደግሞ ከነጭራሹ የሲም ማስገቢያ የለውም። እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ ሰው የአገር ቤት ሲሙን የሚያስገባበት ቦታ ስለማያገኝ፣ ያለው ምርጫ ቁጥሩን ወደ ኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳያስፈልገው በስልኩ ውስጥ ወደሚጫን ሲም፣ ማዛወር ወይም ሁለተኛ ቀፎ መያዝ ነው።

እኔም ቁጥሬን ወደ ኢሲም አዛውሬዋለሁ፤ ለዚህ አገልግሎት የምሰጠው ግምገማ በጣም ጥሩ የሚል ነው። መታወቂያዬ ታየ፣ የምስጢር ኮዱ ያለበት ካሬ ምስል ታተመልኝ፣ በስልኬ ካሜራ አነበብኩት፣ ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም መስመሮቼ በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ታዩ። የሚኖሩበት አገር መስመርና የአገር ቤቱ በአንድ ቀፎ ላይ አብረው መሥራታቸው ቀኑን የመርሳትን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ ኢሲሙ ከስልኩ ላይ ቢሰረዝ፣ ወይም ስልኩ ቢጠፋና ቢሰበር፣ ያው የታተመ ኮድ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ አያገለግልም። አዲስ ኮድ የሚሰጠው ባለቤቱ በአካል ሲቀርብ ብቻ ከሆነ፣ ውጭ አገር ላለ ሰው ይህ ማለት የአውሮፕላን ትኬት ማለት ነው። ስለዚህ ከመዛወሩ በፊት «ከውጭ አገር ሆኜ እንዴት ነው የምተካው?» ብሎ መጠየቅና በሕጋዊ ውክልና ሰው መላክ የሚቻል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ስልክ ሲቀይሩም አዲሱ ላይ ሳይሠራ አሮጌውን አለማጥፋት ነው።

በዋይፋይ መደወል ለሚችሉ መስመሮች ነገሩ ይቀላል፤ ስልኩ በኢንተርኔት በኩል አገር ቤት እንዳለ ሆኖ ይመዘገባልና። አንዳንድ ድርጅቶች ግን ይህን ከአገር ውጭ ስለሚዘጉት፣ ሳይጠይቁ በእሱ ላይ ብቻ መተማመን አይገባም።

ሲሙን ለቤተሰብ ትቶ መሄድን በሚመለከት ሐሳቤ ቁርጥ ነው። ወንድም ወይም እኅት በየጊዜው ደውለውበት መስመሩን ያቆዩታል፤ ሆኖም የባንክ ኮድ የሚገባበት ቁጥር በሌላ ሰው እጅ ማደሩ፣ መተማመን ቢኖርም እንኳ፣ ቀፎው በተሰረቀ ቀን ሁለቱንም ወገን ችግር ላይ ይጥላል። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ቢያንስ ለሲሙ የፒን ቁጥር ያድርግለት፤ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይክፈት፤ የሚቻለውን ያህል መለያ ደግሞ ከአጭር መልእክት ወደ ኮድ አመንጪ መተግበሪያ ያዛውር። ዋትስአፕ ለ45 ቀናት ሥራ ላይ ያልዋለ መለያ በሌላ ቀፎ ላይ እንደ አዲስ ሲከፈት፣ ቁጥሩ ለሌላ ሰው እንደተላለፈ ቆጥሮ የቀድሞውን መለያ መረጃ ያነሣል። ይህ አዲሱን ባለቤት የሚጠብቅ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ ቁጥሩ ለሄደበት ሰው ግን ቁጥሩን አይመልስለትም።

በመጨረሻ የገዛሁት ረጅም የቆይታ ጊዜ ያለውን የቁጥር ማቆያ አገልግሎት ነው። ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎ መስመሩ እስከ ምን ቀን እንደሚቆይ በጽሑፍ ይሰጣል፣ በየወሩ መሙላትን ያስቀራል፣ ሮሚንግ ባይሠራ እንኳ ቁጥሩ አይጠፋም። የጎደለው ማስታወቂያው ላይ ነው። ጊዜው ሊያልቅ ሲል የሚላከው ማሳሰቢያ የሚሄደው በአጭር መልእክት ወደዚያው መስመር ነው፤ ሲሙ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ወይም ከኔትወርክ ውጭ ሆኖ ከሆነ የሚያነበው ሰው የለም። ስለዚህ በአስተያየት መስጫው ላይ የጻፍኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ደንበኛው ሲመዘገብ ኢሜይሉ ይያዝ፤ ማሳሰቢያውም ከማብቂያው ቀን አንድ ወር አስቀድሞ ወደዚያ ይላክ፤ በውስጡም ሁለቱ ቀኖች፣ ማለትም መደወል የሚቆምበትና ቁጥሩ ከስሙ የሚወጣበት፣ ተለይተው ይጻፉ።