«የዕድሜ ልክ ቻትጂፒቲ» የሚሸጡ ሱቆችን እለፏቸው

ደሴ ፒያሳም ይሁን ቧንቧ ውሃ፣ ኮምቦልቻም ይሁን ሐይቅ፣ የሞባይል ቤት መስታወት ላይ «ቻትጂፒቲ ፕላስ፣ የዕድሜ ልክ፣ 1,800 ብር ብቻ» የሚል ወረቀት ካያችሁ እግራችሁን አታቁሙ። ቻትጂፒቲ በጽሑፍ የጠየቃችሁትን የሚመልስ፣ ደብዳቤም የሚያረቅ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራም ነው፤ «ፕላስ» የሚከፈልበት ጥቅሉ ነው። ይህን የምጽፈው ከሱቁ በወጣን ማግስት ነው፤ ቃሌ ቢሻክር ንዴቱ ስላልበረደ ነው።

አካሄዳቸውን ታውቁታላችሁ። ወንበር ይሳብላችኋል፣ «አብሽሩ፣ እኛ እያለን ችግር የለም» ትባላላችሁ፣ ስልካችሁን ተቀብሎ ልጁ ራሱ ይነካካል። ኢሜይልና ፓስወርዱን ከራሱ ቴሌግራም ኮፒ አድርጎ ይለጥፋል። የማረጋገጫ ኮድ ሲጠየቅ ሌላኛውን ስልኩን አየት አድርጎ ስድስቷን ቁጥር ያስገባል። ከዚያ በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ ያጽፍላችኋል፤ ሙሉ ገጽ በአንዴ ሲወርድ ትገረማላችሁ። በአማርኛ ግን አያስሞክራችሁም። ብሩ በነጋዴ ኮድ ሳይሆን በግል የቴሌብር ቁጥር ይገባል። ደረሰኝ ስትሉ «ሶፍትዌር እኮ ነው፣ ዕቃ አይደለም» ይላል።

ያቺ ኮድ ወደ ማን ኢሜይል እንደምትሄድ ልብ በሉ። አካውንቱ የዚያ ኢሜይል ባለቤት ነው። እናንተ የገዛችሁት ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ያለ ቤት ነው።

የመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ሠራተኛ ከአንዱ ሱቅ ገዝተው ነበር። የደመወዝ ሰሞን ደርሶ ስልካቸውን ሲከፍቱ አካውንቱ ራሱን ዘግቶ ወጥቷል። ለሻጩ አባት የሚሆኑ ሰው ናቸው። አብረን ሄድን። ልጁ ሳይነሳ ስልካቸውን ተቀበለ፣ ኢሜይሉን አስገባ፣ ፓስወርዱን አስገባ፣ «ኮድ ልከናል» የሚለው ገጽ መጣ። በዚያው ቅጽበት መስታወቱ ላይ የተቀመጠው የልጁ ስልክ ጢን አለ። ስድስቱም ቁጥሮች ስክሪኑ ላይ በርተው ከዚህ ማዶ ይነበባሉ። እጁን ዘርግቶ ስልኩን በፊቱ ደፋው።

«እድሳት 600 ብር ነው።»

«የዕድሜ ልክ አላልከኝም እንዴ ልጄ?»

«የዕድሜ ልክ ማለት እኮ በአካውንቱ ዕድሜ ነው። ካልፈለግክ በነፃው ተጠቀም።»

ሲሸጥ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ይል የነበረው አፍ ነው። ከኋላ ስክሪን ይቀይር የነበረው ጓደኛው ቀና ሳይል «በዚህ ዕድሜ ኤአይ ምን ያደርግላቸዋል» ብሎ ሳቀ። ሽማግሌው ምንም አልመለሱም። እኔ የመለስኩት እዚህ አይጻፍም።

አሁን ወደ ነገሩ ውስጥ እንግባ። ፕላስ የሚባለው ጥቅል ከየካቲት 2023 ጀምሮ በወር 20 ዶላር የሚከፈልበት ነው። ድርጅቱ፣ ኦፕንኤአይ፣ የዕድሜ ልክ የሚባል ጥቅል አይሸጥም፤ አካውንትን ለሌላ ሰው ማጋራትንም በውሉ ይከለክላል። ሱቁ የሚያደርገው አንድ አካውንት ከፍቶ የአንድ ወር 20 ዶላር መክፈልና ያንኑ ፓስወርድ ለሃያ ሰው መሸጥ ነው። ሃያ ጊዜ 1,800 ሲደመር 36,000 ብር ነው። ወሩ ሲያልቅ ካርዱን ያነሳል፣ አካውንቱ ወደ ነፃው ይወርዳል። የጮኸውን «እድሳት» ይለዋል፣ ያልጮኸው ልዩነቱንም አያውቀውም።

ወሩ ሳያልቅም በደንብ አይሠራም። የሚከፈልበት አካውንትም የመልእክት ገደብ አለው፤ ገደቡ የተሰላው ለአንድ ሰው ነው። ሃያ ሰው ሲቀራመተው ከሰዓት በኋላ «ገደብዎ ላይ ደርሰዋል» ይልና ወደ ደካማው ሞዴል (መልሱን ወደሚያመነጨው አነስተኛ ፕሮግራም) ይለውጣችኋል። ከብዙ ቦታ ባንድ ጊዜ ሲገባበትም አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ተብሎ ሊዘጋ ይችላል። «ኔትወርክ ነው» የሚሏችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያበግነኝ ግን ሌላው ጉዳይ ነው። አካውንቱን ስትከፍቱ በግራ በኩል ያለው ዝርዝር የናንተ ብቻ አይደለም። የሰው የፍቺ አቤቱታ፣ የሰው የላቦራቶሪ ውጤት፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ፤ እነሱም የናንተን ያገኙታል። የሠራተኞች ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ያለበት የደመወዝ ሰንጠረዥ እዚያ ከተሰቀለ ሃያ ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። ቻትጂፒቲ ደግሞ «ሜሞሪ» የሚባል ነገር አለው፤ ስለ ተጠቃሚው የሰማውን ይይዝና በሚቀጥለው ጊዜ ይጠቀምበታል። በጋራ አካውንት ላይ የሁሉም ሰው ወሬ ይደባለቅበታል። የኛው ሒሳብ ሠራተኛ ለገቢዎች ደብዳቤ እንዲያረቅላቸው ቢጠይቁት «የነርሲንግ ተማሪ እንደመሆንዎ» ብሎ ጀመረላቸው።

ሥራው ላይ ምን እንደሚበላሽ በቁጥር ልንገራችሁ። 8,000 ብር ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የሥራ ግብር ስንት ነው? በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው ሰንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ነው፣ 300 ብር ይወጣዋል። እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ 600 ብር። የቀረው 1,000 ብር በ25 በመቶ 250 ብር። ድምሩ 1,150 ነው። ያ አካውንት ወደ ደካማው ሞዴል ከወረደ በኋላ የሰጠው መልስ 1,445 ነበር። ቁጥሩን ከአየር ላይ አልፈጠረውም፤ ከ600 ብር የሚጀምረውን የድሮውን ሰንጠረዥ ነው ያሰላው፤ በ30 በመቶ አባዝቶ 955 መቀነስ ማለት ነው። ሞዴሉ የተማረው ጽሑፍ አዋጁ ከመሻሻሉ በፊት የተጻፈ ስለሆነ ሰንጠረዡን ካልሰጣችሁት ወደዚያ ይመለሳል። ልዩነቱ በአንድ ሠራተኛ በወር 295 ብር ነው፤ ይህንኑ ደመወዝ የሚከፈላቸው አሥራ ሁለት ሠራተኞች ላሉት ቤት 3,540 ብር። ሠራተኛው ያኮርፋል፣ ሒሳብ ሠራተኛው ይጠየቃል፤ ሻጩ ግን ምንም አይደርስበትም።

ብዙ የሚጮህ ደንበኛን ደግሞ «እንካ፣ ወደ ቴሌግራም ቦት ቀየርንልህ፣ ያው ነው» ይሉታል። ያው አይደለም። ቦቱ ከጀርባ ርካሽ ሞዴል ተከራይቶ የሚሸጥ ነው። «አንተ የትኛው ሞዴል ነህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት የሚመልሰው ባለቤቱ ንገር ያለውን ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ አይሆንም። የሚሸጠውም በ«ቶክን» ነው፤ ቶክን ማለት ጽሑፉ ተቆራርጦ የሚቆጠርበት ቁራጭ ነው። የኛ ፊደል እዚህ ላይ ይጎዳል፤ የእንግሊዝኛ አንድ ፊደል በአንድ ባይት ሲጻፍ የግዕዝ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይፈልጋል፣ ሞዴሎቹ አማርኛ በብዛት ስላልተማሩም ቃሉን በጣም ይሰባብሩታል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሳምንት የሚያቆየው ጥቅል በአማርኛ ቶሎ ያልቃል። በዚያ ላይ አዲስ መልእክት በላካችሁ ቁጥር የቀደመው ንግግር ሁሉ አብሮ እንደገና ይላካል፤ ንግግሩ በረዘመ ቁጥር አንዷ ጥያቄ እየከበደች ትሄዳለች። ባለቤቱ ይህን ወጪ ለመቀነስ የመጨረሻዎቹን ጥቂት መልእክቶች ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ይቆርጣል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ የለጠፋችሁለትን የግብር ሰንጠረዥ መሃል ላይ ረስቶ ስምንተኛው ሠራተኛ ጋ ሲደርስ ከ600 ብር ወደሚጀምረው የድሮ ሰንጠረዥ የሚመለሰው። ስህተት እንደሠራም አይነግራችሁም፤ በዚያው በሚያምር አማርኛ ይቀጥላል። የምትጽፉት ሁሉ የሚያልፈው በቦቱ ባለቤት ሰርቨር ነው፣ ሊያነበው ይችላል።

ሦስተኛው መንገዳቸው ኤፒኬ ፋይል (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ) ነው፤ ከፕሌይ ስቶር ውጭ በቴሌግራም ልከው «ፕሮ የተከፈተ ነው» ይሉታል። ይህኛው ቀልድ አይደለም። ቻትቦት ማይክና ካሜራ ቢጠይቅ ያስኬዳል። የጽሑፍ መልእክት ማንበብ ወይም «አክሰሲቢሊቲ» የሚባለውን ፈቃድ ከጠየቀ የባንካችሁንና የቴሌብራችሁን የማረጋገጫ ኮድ ሊያነብ፣ በስክሪናችሁም ላይ በናንተ ቦታ ሊነካ ይችላል። ጭናችሁ ከሆነ ሴቲንግ፣ ከዚያ አፕስ፣ ከዚያ ፐርሚሽን ግቡና እዩ፣ አክሰሲቢሊቲውን ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ በዚያው ስም ፈልጉት፤ አፑን አጥፉት፣ ከዚያ የባንክ የምስጢር ቁጥራችሁን ቀይሩ።

የሚገርመው፣ ለደብዳቤ፣ ለእድር ደንብ፣ ለኪራይ ውል ረቂቅ፣ ለልጆች የቤት ሥራና ለደመወዝ ሒሳብ ነፃው ይበቃል። ልጁ በንቀት የወረወራት «በነፃው ተጠቀም» የምትለው ብቸኛዋ እውነት ነበረች። ቻትጂፒቲ ነፃ አለው፣ ጂሜይል ያለው ሰው የጉግሉን ተመሳሳይ ፕሮግራም፣ ጀሚናይን፣ በነፃ ይከፍታል። በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ። ለደመወዝ ሰንጠረዡን ከነመቶኛው መጀመሪያ ለጥፉለት፣ «እያንዳንዱን እርከን ለየብቻ አሳየኝ» በሉት፣ በስም ፋንታ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብላችሁ ስጡት፣ ድምሩን በካልኩሌተር እናንተው ምቱት። ከአምስት ሠራተኛ በላይ ባንድ ንግግር አታሠሩት፤ አዲስ ከፍታችሁ ሰንጠረዡን እንደገና ለጥፉ።

ሻጭ ፊት የግድ መፈተን ካለባችሁ በአማርኛ ፈትኑት። የ8,000 ብሩን ጠይቁት። ቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጆቹ ስንት እንደሚውል ጠይቁት፤ 2015 ጳጉሜው ስድስት ስለነበር መልሱ ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነው፣ በዘልማድ የሚመልስ ሁሉ 11 ይላል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብላችሁ የስብሰባ ጥሪ አጽፉት፤ እንግሊዝኛው ላይ 9 ሳይሆን 3 ብሎ ከጻፈ ተነሱ።

አንዴ የገዛችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ግቡና የራሳችሁን ንግግሮች አንድ በአንድ ሰርዙ፣ ሜሞሪው ውስጥ ስለናንተ የያዘውንም ሰርዙ። ሁሉንም በአንዴ የሚሰርዘውን አትንኩ፣ የሌላው ምስኪን ሥራ አብሮ ይጠፋል። ያንን ፓስወርድ ሌላ ቦታ ተጠቅማችሁበት ከሆነ ቀይሩት። ከ127 የመጣላችሁን የቴሌብር መልእክት ከነግብይት ቁጥሩ አታጥፉት፣ የወረቀቱን ማስታወቂያ ፎቶ አንሱ፣ ሁለቱን ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። እኛም ነገ ጠዋት እዚያው ነን።